ከኮሶ እስከ ሜትፎርሚን፦ የመጠን ጉዳይ

እንጅባራ ሌላ ስሟ ኮሶበር ነው። ኮሶ ደግሞ ጥሬ ሥጋ የሚወድ ደገኛ ሁሉ ለኮሶ ትል በየጊዜው የሚጠጣው መድኃኒት ነበር። ሲበዛ እንደሚገድል ስለሚታወቅ ግን ማንም እንዳሻው አይጠጣውም፤ መጠኑን የሚያውቅ ሰው ይለካዋል፣ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም።

ዛሬ የእንጅባራም የዳንግላም የስኳር ታማሚ የሚውጠው ሜትፎርሚን መነሻው እንዲሁ ተክል ነው፤ ጋሌጋ የሚባል የአውሮፓ ዕፅ። ኬሚካሉ እ.ኤ.አ. በ1922 ደብሊን ውስጥ ተሠራ። ዣን ስተርን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ለስኳር ሕመምተኞች ሰጥቶ ውጤቱን ያሳተመው ግን በ1957 ነው።

በዚያው ሰሞን ፌንፎርሚን የሚባል ወንድሙ ወጣ። አሜሪካ ውስጥ የተሸጠውም እሱ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ የአንዳንድ ተጠቃሚዎች ደም ውስጥ ላክቲክ አሲድ እየተጠራቀመ ሲገድል ታየ፤ የአሜሪካ መንግሥት በ1977 ሽያጩን አገደ። ሜትፎርሚንም በወንድሙ ጥፋት ተጠርጥሮ እዚያ አገር ፈቃድ ያገኘው በ1994 መጨረሻ ነው።

ጥርጣሬው ከንቱ አልነበረም። ሜትፎርሚን ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ኩላሊት ሲደክም ይጠራቀማል፣ ያው አሲድም ሊከተል ይችላል። አደጋው ከፌንፎርሚን እጅግ ያነሰ ነው፤ በዓመት ከ100 ሺህ ተጠቃሚ ከ10 በታች። ሲደርስ ግን ገዳይ ነው። ደግሞም ይህ ቁጥር የተገኘው በአብዛኛው ኩላሊት እየተመረመረ መድኃኒቱ በሚታዘዝባቸው አገሮች ነው።

እዚህ ላይ ነው የአዊ ነገር የሚያሳስበው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ጦርነት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ታማሚው ክትትሉን ያቋርጣል፤ ኪኒኑ ግን በሰው እጅ ይደርሰዋል። ለጤና ጣቢያ ኪኒን ልኮ ክሪያቲኒን የሚለካበትን ሪኤጀንት አለመላክ ግማሽ ሕክምና ነው።

ተቅማጥና ትውከት ሰውነትን ሲያደርቁ አደጋው ይጨምራል። ጠበል ገብቶ፣ እህል ሳይቀምስ፣ እያስመለሰው ኪኒኑንም የሚውጥ ሰው (ይህን የሚያደርግ ጥቂት አይደለም) ሳያውቀው ሁለቱን ያገናኛል። ምልክቱ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ሕመም፣ ከባድ ድካም፣ ፈጣንና ጥልቅ አተነፋፈስ ነው። መጀመሪያ ላይ “ጨጓራዬ ነው” ተብሎ በቀላሉ ይታለፋል።

ኪኒኑን በፍርሃት መጣል ደግሞ የባሰ ጥፋት ነው። ያልታከመ ስኳር ራሱ ኩላሊት ያደክማል፣ ዓይን ያጠፋል፣ እግር ያስቆርጣል። ታማሚው በሚቀጥለው ቀጠሮው ሐኪሙን ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ኩላሊቴ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው መቼ ነው? ሲያስመልሰኝና ሲያስቀምጠኝ ኪኒኑን ለስንት ቀን ላቁም?