የጆርጂያ ግዛት የሴኔት መቀመጫዎች ምርጫ

የአሜሪካ የህግ መወሰኛ ምክር ቤት (ሴኔት) 100 መቀመጫዎች አሉት። 50ዎቹ ግዛቶች የህዝብ ብዛታቸው ሳይታይ እያንዳንዳቸው ለ6 ዓመት በሚመረጡ ሁለት አባላት ይወከላሉ። የአንድ ግዛት ሁለት መቀመጫዎች የሥራ ዘመን በተለያየ ጊዜ የሚያበቃ በመሆኑ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ለውድድር የሚቀርቡት አንደኛው ያለጊዜው ሲለቀቅ ነው።

በጆርጂያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2020 የታየው ይኸው ነበር። የሴናተር ዴቪድ ፐርዲው የሥራ ዘመን በመገባደዱ መደበኛ ምርጫ ተካሄደ። ሴናተር ጆኒ አይዛክሰን በጤና ምክንያት በለቀቁትና አገረ ገዥው ኬሊ ሌፍለርን በሾሙበት መቀመጫ ደግሞ የማሟያ ምርጫ ተደርጓል።

የኢትዮጵያ ህገ መንግሥት አንቀጽ 54 ለህዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከተወዳዳሪዎች መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘ እጩ አሸናፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። የጆርጂያ ህግ ግን ለማሸነፍ ከጠቅላላው ድምፅ ከግማሽ በላይ ማግኘትን ይጠይቃል። ይህ ካልተሟላ ሁለቱ ቀዳሚዎች የመለያ ምርጫ ያደርጋሉ።

በኅዳር ወር 2020 በተሰጠው ድምፅ የሪፐብሊካን ፓርቲው ፐርዲው 49 ነጥብ 7 በመቶ አግኝተው ዴሞክራቱን ጆን ኦሶፍን ቢመሩም ከግማሽ በላይ ማግኘት አልቻሉም። 20 እጩዎች በቀረቡበት የማሟያ ምርጫም ዴሞክራቱ ፓስተር ራፋኤል ዋርኖክ 33 በመቶ፣ ሪፐብሊካኗ ሌፍለር 26 በመቶ ገደማ አግኝተዋል።

ከጆርጂያ ውጪ በነበረው ውጤት ሪፐብሊካኖች 50፣ ዴሞክራቶች ከሚደግፏቸው ሁለት የግል አባላት ጋር 48 መቀመጫዎች ነበሯቸው። ጥር 5 ቀን 2021 በተካሄደው የመለያ ምርጫ ኦሶፍና ዋርኖክ በማሸነፋቸው ምክር ቤቱ 50 ለ50 ተከፈለ። ድምፅ እኩል ሲሆን የመወሰን ሥልጣን የምክትል ፕሬዝዳንት ካማላ ሃሪስ በመሆኑም የምክር ቤቱ አመራር ወደ ዴሞክራቶች ተዛወረ።

አብላጫ ድምፅ ብቻ በቂ ቢሆን ኖሮ ፐርዲው መቀመጫቸውን በኅዳር ያስጠብቁ፣ ሪፐብሊካኖችም 51 መቀመጫ ይዘው ይቀጥሉ ነበር። የአንድ ግዛት የምርጫ ህግ የመላ አገሪቱን ህግ አውጪ አካል የኃይል አሰላለፍ ወስኗል ማለት ነው።

ግዛቱ በ2021 ባወጣው ህግ በሁለቱ ዙሮች መካከል የነበረውን ዘጠኝ ሳምንት ወደ አራት ዝቅ አድርጓል። ከግማሽ በላይ ድምፅ የማግኘት ግዴታ ግን ባለመቀየሩ፣ በታኅሣሥ ወር 2022 ዋርኖክ ኸርሽል ዎከርን ያሸነፉት በድጋሚ በመለያ ምርጫ ነው።