ከግንቦት 1983 እስከ ሞሰቦ

ግንቦት 6 ቀን 1983 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ተቀበለች። በሳምንቱ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ወጡ። ጎጃም ቀደም ብሎ፣ የካቲት ላይ በተጀመረው ዘመቻ ቴዎድሮስ፣ ከደርግ እጅ ወጥቶ ነበር። አዲስ አበባ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ልጆች ቃል የገባችው እነዚህን ከተሞች በማታዝበት ሰዓት ነው።

ስለ ሕፃናት ብዝበዛ ሲወራ ፋብሪካና ማዕድን ማውጫ ነው የሚታየን። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ግን የልጅነትን ዕድሜ የሚወስደው በአብዛኛው ሠርግ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት የጋብቻን ዕድሜ 15 ዓመት ቢወስንም፣ በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ሁለት ዓመት ሊቀነስለት ይችል ነበር። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ 18 አደረሰው። ከ1997 ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ደግሞ 13 ዓመት ያልሞላትን ልጅ ያገባ እስከ 7 ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። ያም ሆኖ በዚያው ሰሞን የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል አዋቂ ሴቶች ግማሾቹ 15 ሳይሞላቸው እንደተዳሩ አሳየ።

ወላጁ ጨካኝ ስለሆነ አይመስለኝም። ከደህና ወገን ጋር መዛመድ እንዳያመልጠው ይቸኩላል። ካዘገየ ልጁን «ቆሞ ቀር» ይሏታል፤ ይህን ስም ደግሞ እስር ቤት አይሽረውም።

ይህን ስሌት ከውስጡ የነካው በ1996 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወጣ ባለችው የሞሰቦ ቀበሌ የተጀመረው «ብርሃነ ሔዋን» ነው። ፖፑሌሽን ካውንስል ከመንግሥት ጋር ያካሄደው ፕሮግራም ነበር። ያላገቡት ልጆች ትምህርት ቤት እንዲገቡ ደብተርና እስክሪብቶ ተሰጣቸው፤ ቀድሞ የተዳሩት በቡድን እየተሰበሰቡ ፊደል ቆጠሩ። ልጁን ሳይድር ሁለት ዓመት ለቆየ ቤተሰብ በመጨረሻ በግ ወይም ፍየል ይሰጠው ነበር። ጉቦ ነው ያሉ አይጠፉም። እኔ ግን ሠርግ ሲዘገይ የሚጎድለውን ቆጥሮ መካስ ነው እላለሁ፤ ስምምነቱም ሕጎቹም ይህን አላሰቡትም።

ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የሞሰቦ ልጆች የመዳር ዕድላቸው ፕሮግራሙ ካልደረሰባት ቀበሌ አንድ አሥረኛ ሆነ፤ ትምህርት ቤት የመገኘታቸው ዕድል ሦስት እጥፍ አደገ። ከ15 እስከ 19 ያሉት ግን የማግባት ዕድላቸው ከሌላዋ ቀበሌ በልጦ ተገኘ። ወላጆች ሠርጉን አዘገዩት እንጂ አልተዉትም፤ 18 ዓመት የሚለውን ሕግ ያልጠበቁም በመካከላቸው ነበሩ።