የፔጆ ዕድሜና የፈረንሳይ መኪና ስም

ሐረር ላይ ታክሲ ማለት ለረጅም ዘመን ፔጆ 404 ማለት ነበር። ፈረንሳይ ይህን የቤት መኪና ማምረት ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ ለሐረር ግን ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ያህል አሮጌውን ከተማ ጀጎልን ከአዲሱ ከተማ ሲያገናኝ ኖሯል። በዚያው ዘመን አውሮፓ ውስጥ ያገለገለ መኪና ሊገዛ ገንዘብ የቆጠረ ሰው ከወዳጁ የሚሰማው ምክር ሌላ ነው፦ ከፈረንሳይ መኪና ራቅ፣ ጋራዥ ያስለምድሃል ይለዋል። ሁለቱም ወገን የሚናገረው ካየው ተነስቶ ነውና አንዱንም ሐሰተኛ ማለት አይቻልም። ስህተቱ ያለው ሁለቱን ተሞክሮ በአንድ አገር ስም መጠቅለሉ ላይ ነው። የመኪና ጽናት ከባንዲራ አይመነጭም፤ መኪናው፣ የሚሄድበት መንገድ፣ የሚጠግነው እጅና የመለዋወጫው አቅርቦት ሲስማሙ ይገኛል፣ ሲጣሉም ይጠፋል። የፈረንሳይ መኪና ታሪክ በደንብ ሲታይ የሚመሰክረው ይህንኑ ነው።

ክፉው ስም በአሜሪካ የተተከለው በሬኖ ዶፊን ነው። ዶፊን እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣች፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ የሞተሯ መጠን 845 ሲሲ ብቻ የሆነ ትንሽ መኪና ናት። አሜሪካውያን በ1950ዎቹ መጨረሻ ነዳጅ የማይበላ ትንሽ መኪና ሲያምራቸው ተሻምተው ገዟት፤ በ1959 ብቻ ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ ተሸጠ። ወዲያው ግን ገበያው ወደቀ፣ ገዢ ያጡ መኪኖችም በየወደቡ ተከማቹ። ምክንያቱ ስውር አልነበረም። ለፈረንሳይ የገጠር መንገድ የታሰበ ሞተር በአሜሪካ አውራ ጎዳና ቀኑን ሙሉ ባለ በሌለ ጉልበቱ እንዲሮጥ ተገደደ፤ ስስ ቆርቆሮዋን ለክረምት በረዶ ማቅለጫ የሚበተነው ጨው በላው፤ ሻጩም የሠለጠነ መካኒክና በቂ መለዋወጫ አላዘጋጀም ነበር። በዚያው ጊዜ የጀርመኑ ፎልክስቫገንም ሞተሩ ከኋላ የሆነና ጉልበቱ ትንሽ ነበር። ኩባንያው ግን ከሽያጩ ጎን ለጎን የጥገናውን መዋቅር ስለ ዘረጋ፣ ቮልሷ በአስተማማኝነቷ ስም አተረፈች። ከዲዛይን ድክመት ባልተናነሰ ዶፊንን የጣላት የዝግጅት ጉድለት ነው።

ሁለተኛው ምስክር ሲትሮየን ዲኤስ ነው። በ1955 የፓሪስ የመኪና ትርዒት ላይ ሲታይ በመጀመሪያው ቀን ብቻ 12,000 ያህል ትዕዛዝ ተቀበለ። ሞላውን፣ ፍሬኑን፣ መሪውንና ማርሹን የሚያንቀሳቅሰው በፓምፕ የታመቀ ፈሳሽ ነበር፤ ይህን የመሰለ ምቾት የትኛውም መኪና አልነበረውም። ነገር ግን የመጀመሪያው ፈሳሽ እርጥበት ይስብ ስለነበር ቧንቧዎቹንና ሌሎቹን ክፍሎች ከውስጥ ያዝግ ነበር። ኩባንያው ወደማይዘገው አረንጓዴ የማዕድን ዘይት የተሻገረው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ሥርዓቱን የማያውቅ መካኒክ ተራ የፍሬን ዘይት ከጨመረበት ጎሚኒዎቹ ይበላሹ ነበር። እዚህ ላይ እውነተኛ ጥፋት አለ፣ መሸፈንም የለበትም። አንዳንድ የፈረንሳይ ኩባንያዎች አዲስ ሐሳብን ጋራዡ ሳይማረው ወደ ገበያ የማውጣት ልማድ ነበራቸው። የልማዱን ዋጋ ከማንም በላይ የከፈለው ዋስትናው ካለቀ በኋላ የገዛው ሁለተኛና ሦስተኛ ባለቤት ነው። «ያገለገለ የፈረንሳይ መኪና» የሚለው ፍርሃት የተወለደው ከዚህ ነው።

ፔጆ በዚያ ዘመን የሄደው በሌላ መንገድ ነው። በ1960 የወጣው 404 የሚያስደንቅ አዲስ ነገር አልያዘም፤ የያዘው ተፈትኖ ያለፈ ነገር ነበር። ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ ከብሎኩ ተለይቶ የሚወጣ ስለሆነ፣ ያረጀ ሞተር ብሎኩ ሳይቦረቦር፣ ቱቦውንና ፒስተኑን በመቀየር ብቻ ይታደሳል። ሞላው ረጅም ርቀት ይተነፍሳል፤ ድንጋይና ጉድጓድ ይችላል። ይህ በፋብሪካው ማስታወቂያ ላይ ብቻ የቀረ ወሬ አይደለም። 404 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል፤ በ1963ቱ ውድድር ከ84 መኪኖች መጨረሻውን ያዩት 7 ብቻ ነበሩ። ተተኪው 504ም በ1975 እና በ1978 ደግሞታል፤ በናይጄሪያ ካዱናና በኬንያም ሲገጣጠም ቆይቷል። ዶፊን በአሜሪካ መሳቂያ በሆነችባቸው ዓመታት የዚያው አገር ሌላ ፋብሪካ በአፍሪካ የጽናት ምሳሌ ሆነ። አገር የመኪናን ጠባይ የሚወስን ቢሆን ኖሮ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር።

ብርቱ ተከራካሪ «404 የአያቶቻችን መኪና ነው፣ የዛሬዎቹስ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2001 የወጣው ሁለተኛው ሬኖ ላጉና በአውሮፓ የአደጋ ፈተና አምስት ኮከብ ያገኘ የመጀመሪያው መኪና ቢሆንም በኤሌክትሪክ ብልሽቱ ባለቤቶቹን አስመርሯል። ፑርቴክ የተባለው ትንሹ የፔጆና የሲትሮየን ቤንዚን ሞተር ቺንጋው በሞተሩ ዘይት ውስጥ የሚሽከረከር ነው። ቺንጋው ሲፈረፈር ፍርፋሪው የዘይት ፓምፑን ማጣሪያ ይደፍናል፣ ሞተሩም ዘይት ይጠማዋል። ኩባንያው በ2024 ዋስትናውን እስከ 10 ዓመት ወይም 175,000 ኪሎ ሜትር ማራዘሙ ችግሩ እውነት ለመሆኑ በቂ ማስረጃ ነው። ሆኖም በዘይት ውስጥ የሚሠራ ቺንጋ በፎርድ ትንሹ ኢኮቡስት ሞተር ላይም ተመሳሳይ ጣጣ አምጥቷል። ፔጆ ከቢኤምደብሊው ጋር የሠራው 1.6 ሊትር ቱርቦ ሞተርም የሰንሰለት ችግሩን ይዞ በሚኒ ውስጥ ገብቷል። ተመሳሳይ ሕመም በተለያየ አገር ስም ሲታይ፣ መርምሮ መለየት የሚገባው ሕመሙን እንጂ ዜግነቱን አይደለም።

ሌላው ተከራካሪ ደግሞ የሐረሩን ፔጆ ያኖረው መካኒኩ እንጂ መኪናው አይደለም ይላል፤ ሌላ መኪና መግዛት የከበደው ባለቤት የያዘውን ከመጠገን በቀር ምን ምርጫ ነበረው? ይህም ግማሽ እውነት ነው። ነገር ግን እጅ የሚያኖረው የሚፈታና የሚገጠም ነገርን ነው። ልዩ ኮምፒውተር ካልተገናኘለት ብልሽቱን የማይናገር መኪና በጎበዝ መካኒክ ፊትም ቆሞ ይቀራል። ለመጠገን መመቸት ራሱ የአስተማማኝነት አካል ነው፤ በተለይ ላገለገለ መኪና ከሁሉ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ያገለገለ መኪና መሰበሩ አይቀርምና። ስለዚህ የመካኒኩ ክብር የመኪናውን አይቀንስም፤ ሁለቱ ተያይዘው የቆሙ ናቸው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የዶፊን ቆርቆሮ በዝገት ካለቀ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፣ ክፉው ስም ግን ዛሬም የፈረንሳይ መኪናን ዋጋ ያወርዳል። ይህ ርካሽነት ለሚያውቅ ገዢ ዕድል ነው፣ ለማያውቅ ግን ወጥመድ። ሁለቱን የሚለየው ጥያቄው ነው፦ ሞተሩ የትኛው ነው? ቺንጋው መቼ ተቀየረ? ዘይቱ በወቅቱ መለወጡን የሚያሳይ ወረቀት አለ? መለዋወጫው እዚህ ይገኛል፣ የሚያውቀው መካኒክስ? ለእነዚህ መልስ ያለው የፈረንሳይ መኪና መልስ ከሌለው የጃፓን መኪና ይሻላል። ሐረር 404ን የያዘችው ለፈረንሳይ ስም ብላ አልነበረም፤ መንገዷን ስለቻለ፣ በእጇም ስለተጠገነላት ነው።