ከዓሣ ማጥመጃ ክር የሚሠራው የሮቦት ጡንቻ

ርብና ጉማራ ጣና በሚገቡበት በፎገራ ዳርቻ ለሚያድግ ልጅ የናይለን ክር ብርቁ አይደለም። ያው ዓሣ የሚያዝበት ክር ለሮቦት ጡንቻ ይሆናል ብንላችሁስ? ቀልድ አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው።

ለምን አስፈለገ?
ብዙ ሮቦቶች የሚንቀሳቀሱት በሞተር ነው። በአንዲት ጣት ውስጥ ሞተርና ጥርስ ማስገባት ግን ከባድም ውድም ነው። በሞተር የሚሠራ ሰው ሠራሽ እጅ ዋጋው የማይቀመሰው አንድም በዚህ ነው። እጁን በአደጋ ላጣ ገበሬ ደግሞ ጉዳዩ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ማን ሠራው?
በአውሮፓውያኑ 2014 ዳላስ የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአጋሮቻቸው ጋር ሆነው፣ የዓሣ ማጥመጃና የስፌት ክር ወደ ጡንቻ እንደሚለወጥ ‹ሳይንስ› በተባለው መጽሔት አሳተሙ። እኩል ርዝመትና ክብደት ካለው የሰው ጡንቻ 100 እጥፍ የሚበልጥ ክብደት ያነሳል።

እዚያው የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ዮናስ ታደሰ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የያዙት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። እሳቸውና ተማሪዎቻቸው ጌጥ በሚሠራበት ብር የተለበጠ የናይለን ስፌት ክር ተጠቅመው የሮቦት ጣትና እጅ ሠርተዋል። ብሩ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ክሩ ይሞቃል፣ ጣቱ ይታጠፋል።

እንዴት ይሠራል?
1. ክሩ ጫፉ ላይ ክብደት ተንጠልጥሎበት ይከራል። ገመድ የገመደ ሰው ያውቀዋል፦ ከልክ በላይ ሲከር ራሱ ላይ ተጠቅልሎ ሞላ (ስፕሪንግ) ይመስላል።
2. ሲሞቅ ናይለኑ በቁመት ያጥራል፣ በጎን ይወፍራል። የከረረው ሊፈታ ሲታገል ሞላው ይሰበሰባል፣ ክብደቱም ወደ ላይ ይነሳል።
3. ሲቀዘቅዝ ክብደቱ መልሶ ይስበዋል።

ጉድለቱስ?
አለው። እስኪቀዘቅዝ ጊዜ ይወስዳል፤ አብዛኛው ኤሌክትሪክም ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ስለዚህ በፋብሪካ ከባድ ዕቃ ለሚያነሳው ክንድ ሞተሩ ይቀጥላል፤ ክሩ የሚያዋጣው ቦታ ለሚጠብባቸውና ቀለል ላሉ ሥራዎች፣ ለምሳሌ ቶሎ የሚጎዳ ዕቃን በቀስታ ለመያዝ ነው። ለሰው ሠራሽ እጅም ምርምሩ ገና አላለቀም።

መሞከር ለምትፈልጉ
ወረታ ላይ ብየዳ ቤት የሚሠራ ጓደኛ ካላችሁ ድሪሉን ተጠቅማችሁ ክሩን ማክረር፣ በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ ትችላላችሁ። ክሩ ሊበጠስና ክብደቱ ሊወድቅ ስለሚችል የዓይን መነጽር አድርጉ፣ እግራችሁንም ከሥሩ አርቁ። ከተሳካላችሁ ቪዲዮውን ላኩልን፣ እናጋራዋለን።