ሰብፈርቲሊቲ፦ «የመፅነስ መዘግየት»

ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጅ የዘገየባቸው ባልና ሚስት ጥሪታቸውን አሟጠው ከቦሌ ወደ ሕንድ ወይም ወደ ታይላንድ ይበሩ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመጀመሪያውን የመንግሥት ማዕከል ከከፈተ ወዲህ ግን ከማኅፀን ውጪ የማፅነስ ሕክምና (አይቪኤፍ) በመንግሥት ተቋምም እዚሁ አዲስ አበባ ይሰጣል። ከሕክምናው ጋር አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሣል፤ በሕክምና የተፀነሰ ልጅ በተፈጥሮ ከተፀነሰው እኩል በደህና ይወለዳል ወይ? ይህን በቅጡ ለመመለስ «ሰብፈርቲሊቲ» የሚለውን ቃል ማወቅ ያሻል።

ቃሉ የመፅነስ አቅም ከተለመደው ዝቅ ማለቱን ይገልጻል፤ ጨርሶ መጥፋቱን አይደለም። ያለ መከላከያ 12 ወር አብረው ኖረው ያልፀነሱ ባልና ሚስት ምርመራ እንዲያደርጉ ይመከራሉ፤ ሴቷ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች 6 ወር ይበቃል። በመጀመሪያው ዓመት ካልፀነሱት ግማሽ ያህሉ በሁለተኛው ዓመት ያለ ሕክምና ይፀንሳሉ። እነዚህን «መካን» ማለት ስሕተት ነው፤ ቃሉ በር ይዘጋል፣ ሸክሙንም በሴቷ ላይ ብቻ ይጭናል። ግማሽ በሚያህሉት ጥንዶች ዘንድ ግን ምክንያቱ በወንዱም በኩል ይገኛል።

ሕዝባችን «ልጅ ዘገየብን» ይላል። ከዚህ ተነሥተን ሰብፈርቲሊቲን «የመፅነስ መዘግየት» ብንለው ትርጉሙም ክብሩም ይጠበቃል።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የ15 ጥናቶች ግምገማ፣ በአይቪኤፍ የተፀነሱ ከ12 ሺህ በላይ ነጠላ ልጆችን በተፈጥሮ ከተፀነሱት ጋር አነጻጽሮ፣ ያለጊዜው የመወለድ ዕድላቸው እጥፍ ያህል መሆኑን አገኘ። ጥፋቱ የሕክምናው ይመስላል። ሆኖም በተፈጥሮ የፀነሱትም ቢሆኑ፣ ከዓመት በላይ ጠብቀው የፀነሱ ሴቶች ያለጊዜው የመውለድ ዕድላቸው ቶሎ ከፀነሱት ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የኖርዌይ ተመራማሪዎች አንዱን ልጅ በተፈጥሮ፣ ሌላውን በሕክምና የወለዱ 2,546 እናቶችን መረመሩ፤ በወንድማማቾቹና በእኅትማማቾቹ መካከል ሲወለዱ የነበረው የክብደት ልዩነት በአማካይ 9 ግራም ብቻ ነበር። ስለዚህ ለልዩነቱ ትልቁ ምክንያት አስቀድሞ የነበረው የመፅነስ መዘግየት ሊሆን ይችላል። ሌሎች ጥናቶች ግን የሕክምናው ድርሻ ጨርሶ ዜሮ እንዳልሆነ አሳይተዋል፤ ለምሳሌ የእንግዴ ልጅ በማኅፀን በር ላይ የመቀመጥ ዕድል ይጨምራል።

በሕክምናው ከሁሉ የሚከብደው አደጋ ከአንድ በላይ ፅንስ ሲገባ የሚመጣው መንታ እርግዝና ነው። ከመንታ ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 37 ሳምንት ሳይሞላቸው ይወለዳሉ። ብዙ ዓመት የጠበቀች እናት «ሁለት ፅንስ አስገቡልኝ፣ በአንድ ጊዜ ልገላገል» ብትል ልቧ ይገባናል፤ ነገር ግን አንድ ፅንስ ብቻ ማስገባት ለእሷም ለልጇም የተሻለ ደኅንነት የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ውሳኔው ከሐኪሟ ጋር በእርጋታ ሊመከርበት ይገባል።

በሕክምና ከተፀነሱ ልጆች አብዛኞቹ ጊዜያቸውን ጠብቀው፣ በጤና ይወለዳሉ። ስለዚህ ልጅ የዘገየባችሁ ባልና ሚስት፣ ሁለታችሁም አብራችሁ ተመርመሩ፤ እርግዝናው ሲገኝም ክትትሉን ከመጀመሪያው ጀምሩ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደጠበቃችሁም ለሐኪሙ ንገሩ። የዘገየ ልጅ ታሪኩ ከእርግዝናው በፊት ይጀምራልና።