ጠርሙስም ይመሰክራል፦ የቶጎጫሌ ድንበር ከአፈር በታች

ቶጎጫሌ ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው ኬላን፣ ኮንትሮባንድንና ጦርነትን ነው። ይሁንና የድንበሩን ታሪክ ከመንግሥታት መግለጫ ውጭ የሚናገር አንድ ተራ ዕቃ አለ፤ እርሱም የለስላሳ ጠርሙስ ነው። ወረቀት ይበሰብሳል፤ ብረት ይዝጋል፤ ብርጭቆ ግን አፈር ውስጥ ይቆያል።

ለመሆኑ ጠርሙስ ዕድሜውን እንዴት ይናገራል? (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንደኛው ምስክር አፉ ነው። እንግሊዛዊው ሂራም ኮድ በ1872 የፈለሰፈው ጠርሙስ የሚዘጋው አንገቱ ውስጥ ባለች የብርጭቆ ብይ ነበር፤ ቆርኪ የተፈለሰፈው በ1892 ነው። ሁለተኛው የጎኑ መስመር ነው። አፉ በእጅ በተበጀ ጠርሙስ ላይ መስመሩ ከአፉ በታች ይቆማል፤ ማሽን በሠራው ላይ ግን እስከ ጫፉ ይወጣል። ሦስተኛው ጽሑፉ ነው። ኮካ ኮላ በአዲስ አበባ መታሸግ የጀመረው በ1959 ሲሆን ሁለተኛው ፋብሪካ በድሬዳዋ የተከፈተው በ1965 ነው።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። እነዚህ ጠርሙሶች በማስያዣ ወጥተው ባዶአቸውን ወደ ፋብሪካ የሚመለሱ ስለነበሩ፣ አንዱ ለብዙ ዓመታት ይመላለስ ነበር። ስለዚህ የተሠራበት ዘመን የተጣለበትን ዘመን አይነግረንም፤ የሚነግረን «ከዚህ በፊት አልተጣለም» የሚለውን ብቻ ነው።

ፖለቲካው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጅጅጋ እስከ 1948፣ ሐውድ እስከ 1955 በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ቆይተዋል። በ1964 ቶጎጫሌ ላይ ውጊያ ተደረገ፤ በ1977 ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር ተያዘች፤ በመጋቢት 1978 ተመልሳ በኢትዮጵያ እጅ ገባች። እንዲህ ባለ ምድር ላይ የአማርኛ ወይም የዐረብኛ ጽሑፍ ያለው ጠርሙስ ያገኘ ሁሉ «መሬቱ የእኛ ለመሆኑ ማስረጃ» ሊለው ይቃጣዋል። ስሕተት ነው! ጠርሙስ የንግድ ምስክር እንጂ የባለቤትነት ካርታ አይደለም። የሚያስረዳን ጥማትና ገበያ ኬላን እንደማያከብሩ ነው።

ይህ ምስክርነት ግን እየጠፋ ነው። ከተሞቹ ሲሰፉ ዶዘር የአፈሩን ንብርብር ይደባልቀዋል፤ የቀረውን ቆራሌው ይሰበስበዋል። ከነበረበት የተነሣ ጠርሙስ ጌጥ ነው፤ ቦታው፣ ጥልቀቱና አብሮት የተገኘው ነገር ተመዝግቦ የተነሣው ግን ሰነድ ነው። የጦርነት ቅሪት በነበረበት ምድርም ፈንጂ መጽዳቱ ሳይረጋገጥ አካፋ አይነሣም፤ ታሪክ ፍለጋ የሰው አካል ሊያስከፍል አይገባውምና።