አሜሪካ የከሚሴን ገቢ ምን አገባት?

ባለፈው ረመዳን፣ ከተራዊህ በኋላ፣ ከሚሴ ዋናው አስፋልት ዳር ካለች ሻይ ቤት ተቀምጠን አንድ የሰፈሬ ሰው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ሚኒያፖሊስ የሚኖር የእህቱ ልጅ የላከለት የግብር ቅጽ ነው። ከሥሩ መልእክት አለ፦ "አጎቴ፣ ይቺን ሙላና አሜሪካ አልኖርም በል፤ ከታክሱ ትገላገላለህ።"

ስሙን አልጠራም። ዲቪ ደርሶት ከሄደ ዓመታት አልፈዋል። ብርዱም የመጋዘን ሥራውም አልስማማው ብሎ ተመለሰ፤ ግሪን ካርዱን ግን አልመለሰም። በየዓመቱ ሁለት ወር ያህል ሚኒያፖሊስ ደርሶ ይመጣል፤ እሱ "ካርዱን ማሳየት" ነው የሚለው። ቀሪውን አሥር ወር እዚሁ ነው። አንድ ኤፍኤስአር መኪና አለው፣ ኮምቦልቻ ደግሞ የሚያከራየው ቤት። ግብሩን በየዓመቱ ለገቢዎች ይከፍላል፣ ደረሰኙንም ያስቀምጣል።

"ጭነቱ እዚህ የተጫነ፣ ብሩም እዚህ የተቆጠረ። አሜሪካን ምን አገባት?" አለኝ።

ጥያቄው ቀላል መስሎኝ ነበር። ሳነብ ሰንብቼ ያገኘሁት ግን ከ160 ዓመት በላይ የቆየ ታሪክ ነው። ዛሬ እሱን ላካፍላችሁ፤ ትንሽ ይረዝማል።

ከራሳችን እንጀምር። በአማርኛ "ግብር" የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው፦ ለመንግሥት የሚገባውም ግብር ነው፣ ንጉሥ ለሠራዊቱ የሚያበላውም ግብር ነው። ከገበሬው ጎተራ ወጥቶ በንጉሡ አዳራሽ የሚበላ አንድ እህል ስለነበር ይመስለኛል ቃሉ ያልተለያየው። ግብሩ የሚወጣው ከመሬት ነበር። አፄ ምኒልክ ከክፉ ቀን በኋላ ወታደር በገበሬው ቤት ተሠርቶ እንዳይበላ ብለው አሥራት ሲደነግጉም የተቆጠረው ምርት ነው። የሰውየው ማንነት ቁም ነገር አልነበረም፤ መሬቱ ያለበት አገር ነው ቁም ነገሩ። መሬት ደግሞ ተነሥቶ አይሰደድም።

ከጣልያን መውጣት በኋላ መንግሥት በገንዘብ የሚከፈል ግብር ሲያደራጅ መጀመሪያ የነካው ያንኑ መሬት ነው፤ የ1934 ዓ.ም. የመሬት ግብር አዋጅ። ደመወዝና ንግድ ተራቸው የደረሰው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 60 ነው። በ1953 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 173 መጣ፤ እሱ እየተሻሻለ ንጉሡንም ደርግንም ተሻግሮ እስከ 1994 ዓ.ም. ቆየ። ዛሬ የምንተዳደርበት የ2008ቱ አዋጅ ቁጥር 979 ነው፤ ባለፈው ክረምት፣ በ2017 መጨረሻ፣ ተሻሽሏል።

የ979 ፍሬ ነገር ለጉዳያችን ይህ ነው። ኢትዮጵያ የምትጠይቀው "ዜጋዬ ነህ ወይ?" ብላ ሳይሆን "ነዋሪዬ ነህ ወይ?" ብላ ነው። መደበኛ መኖሪያው እዚህ የሆነ፣ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ በተከታታይም ሆነ እየተመላለሰ ከ183 ቀን በላይ እዚህ የቆየ ሰው ነዋሪ ነው፤ ውጭ ያገኘውም ገቢ ይቆጠርበታል። ነዋሪ ያልሆነው የሚጠየቀው እዚህ ላገኘው ብቻ ነው። የውጭ ፓስፖርት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ ስላለው ብቻ የሜሪላንድ ደመወዙን የሚጠይቀው የለም። በዜግነቱ የተነሣ ውጭ እያለም እንደ ነዋሪ የሚቆጠረው በመንግሥት ተልኮ የሄደ ዲፕሎማትና ቆንስላ ነው።

በሕጉ ፊደል ካየነው፣ ቤቷም ልጇም ከሚሴ ሆነው ለሁለት ዓመት ጅዳ የሄደች ሴት መደበኛ መኖሪያዋ የት ነው የሚለው ያከራክራል። እኔ ግን ስለምትልከው ሪያል ገቢዎች ሄዳ ያስታወቀች የአካባቢዬ ሴት እስካሁን አላጋጠመችኝም። ጠያቂም አላየሁም። ፊሊፒንስ ግን ለረጅም ጊዜ ትጠይቅ ነበር፤ ባሕር ማዶ የሚሠሩ ዜጎቿን ከውጭ ገቢ ግብር ነፃ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣችው ሕግ ነው።

የጅዳና የሪያድ ነገር ከተነሣ ለእኛ ቀበሌዎች ከአሜሪካ ይልቅ የቀረበው እሱ ነው። ከሰንበቴ እስከ ባቲ፣ ሳዑዲ ሰው የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። ሳዑዲ ከደመወዝ የገቢ ግብር አትቆርጥም፤ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1950 በውጭ ሰዎች ደመወዝ ላይ ግብር ጥላ ነበር። በ1975፣ የነዳጅ ገንዘብ ሲያጥለቀልቃት፣ ተወችው። ዋጋው ሲወርድ በጥር 1988 "እመልሰዋለሁ" አለች፤ የውጭ ባለሙያዎች ሥራ እንለቃለን ብለው ስለተንጫጩ በቀናት ውስጥ ሻረችው። መሐንዲስና ሐኪም ሲያኮርፍ መንግሥት ይሰማል። ከ2017 ወዲህ የግብር ስም ሳይሰጠው የመጣው በየቤተሰቡ አባል በየወሩ የሚከፈለው ክፍያ ግን አልተሻረም። ኢቃማ የሌለው ወገናችን ደግሞ የገቢ ግብር ባይከፍልም በ2006 ዓ.ም. የደረሰበትን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተጠርዞ ተመለሰ።

አሁን ወደ አሜሪካ። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

እ.ኤ.አ. በ1861፣ እኛ ዘንድ አፄ ቴዎድሮስ በዙፋን ላይ በነበሩበት ዘመን፣ አሜሪካ እርስ በርስ ጦርነት ገባች። ጦርነት ገንዘብ ይበላል፤ ኮንግረሱ በታሪኩ የመጀመሪያውን የገቢ ግብር አወጣ። በዚያው ሕግ ውስጥ ውጭ አገር የሚኖሩ ዜጎች አሜሪካ ካለ ንብረታቸው ከሚያገኙት ላይ ከአገር ቤቱ ሰው በሚበልጥ መጣኔ፣ አምስት በመቶ፣ እንዲከፍሉ ተደረገ። በ1864 ደግሞ ገቢው ከየትም ይምጣ፣ የትም ይኑሩ፣ ይክፈሉ ተባለ። ምክንያቱን በግልጽ ያስረዱት የቨርሞንቱ ሴናተር ጃኮብ ኮላመር ናቸው። ሐሳባቸው ባጭሩ፦ ሀብታሙ ከውትድርናው ሸሽቶ ፓሪስ ተቀምጦ፣ እዚህ እየሞተ ካለው ሰው እኩል ወይም ያነሰ መክፈል የለበትም።

እንግዲህ የሰፈሬ ሰው የተያዘበት ገመድ መጀመሪያ የተፈተለው በጦርነት ጊዜ ለሸሸ ሀብታም ነው። ጦርነቱ አለቀ፣ ግብሩም በ1872 ቀረ። በ1913 የገቢ ግብር በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተደግፎ ሲመለስ ግን "በአገር ውስጥም በውጭም የሚኖር ዜጋ" የሚለው ሐሳብ አብሮ ተመለሰ። ያን ጊዜ የሸሸ አልነበረም፤ ልማዱ ብቻ ቀርቶ ነበር።

አንድ ሰው ተቃወመ። ጆርጅ ኩክ ይባላል፤ አሜሪካ የተወለደ፣ ሜክሲኮ ሲቲ የሚኖር፣ ንብረቱም ሜክሲኮ ያለ ሰው ነው። 1,193 ዶላር ከ38 ሳንቲም ክፈል ተባለ። የመጀመሪያውን ክፍያ 298 ዶላር ከ34 ሳንቲም በተቃውሞ ከፍሎ ከሰሰ። ክርክሩ ከሻይ ቤቱ ክርክር ጋር አንድ ነው፦ እኔም እዚህ፣ ሀብቴም እዚህ፣ እናንተን ምን አገባችሁ? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1924 ፈረደበት። መንግሥት ዜጋውንና ንብረቱን የትም ቢሆን በባሕርዩ ይጠቅማል፤ ስለዚህ ግብር የመጣል ሥልጣኑም የትም ይከተለዋል አለ። እኔ ፍርዱ አላሳመነኝም። ሜክሲኮ ያለን ቤት ሲቃጠል የሚያጠፋው የሜክሲኮ እሳት አደጋ ነው። ግን ሕጉ እስከ ዛሬ በዚሁ ቆሟል።

ይህ ሁሉ ስለ ዜጋ ነው፤ የኛ ሰው ዜጋ አይደለም። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ወደዚህ መረብ በግልጽ የገባው በ1984 በወጣ ሕግ ነው። ሕጉ "ነዋሪ ማለት ማን ነው?" የሚለውን ሲተረጉም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለውን ሰው፣ አልጋው የትም ይሁን የት፣ የግብር ነዋሪ አደረገው። ካርዱ በሕግ እስካልተመለሰ ወይም እስካልተሰረዘ ድረስ። የካርዱ ቀን አልፎበት መሳቢያ ውስጥ መቀመጡ አይቆጠርም። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1990፣ ዲቪን የፈጠረው ሕግ ወጣ። የመጀመሪያዎቹ ዕድለኞች የ1995 ዲቪ ናቸው፤ ሁለቱ ሕጎች ከሚሴ ላይ ይገናኛሉ ብሎ ያሰበ ሰው የነበረ አይመስለኝም። የዲቪ የዛሬ ዕጣ ፈንታ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ እዚህ አልገባበትም።

በጎን አንድ ነገር ልጨምር። የተበተነ ልጁን ተከትሎ ግብር የሚጠይቅ ሌላ መንግሥት ፈልጋችሁ ሩቅ አትሄዱም። ኤርትራ ከነፃነት ማግሥት ጀምሮ ውጭ ያሉ ልጆቿን ከገቢያቸው ሁለት በመቶ ታስከፍላለች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 የጸጥታው ምክር ቤት አሰባሰቡን በውሳኔ 2023 አወገዘ፤ ካናዳ በ2013 በዚሁ ጉዳይ የቶሮንቶውን ቆንስላ አባረረች። የተወገዘው ማስፈራራቱና የገንዘቡ አጠቃቀም ነው፤ ዜጋን ባሕር ማዶ ተከትሎ ግብር መጠየቅ በራሱ ቢሆን ኖሮማ ዋሽንግተንም አብራ ትጠየቅ ነበር። የእኛ መንግሥት በ2010 ዓ.ም. ክረምት ዳያስፖራውን በቀን አንድ ዶላር ሲለው በልመና ነው፤ ያዋጣም ያላዋጣም ፓስፖርቱን ያሳድሳል።

ወደ ሻይ ቤቱ ልመለስ። የእህቱ ልጅ ምክር ለምን እንዳስደነገጠኝ ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ነው በደንብ የገባኝ።

አሜሪካ ከአንዳንድ አገሮች ጋር የግብር ስምምነት አላት፤ የእነዚያ አገሮች ሰው ግሪን ካርድ ይዞም "የግብር ነዋሪነቴ እዚያ ነው" ብሎ ሊከራከር ይችላል። ከኢትዮጵያ ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት የላትም። ስለዚህ የኛ ሰው "አልኖርም" ብሎ ቢሞላ ለግብር ሰብሳቢው የተሳሳተ ቅጽ ነው። ለኢሚግሬሽኑ ደግሞ በገዛ እጁ የተጻፈ ምስክርነት ነው፤ ነዋሪ አይደለሁም ብሎ መሙላት፣ ወይም ውጭ ተቀምጦ ጭራሽ አለመሙላት፣ መኖሪያውን እንደተወ ሊያስቆጥረው ይችላል። በአንድ ወረቀት ከሁለት በኩል ይመታል።

በትክክል ቢሞላስ? ውጭ ሠርቶ ያገኘውን ገቢ ሕጉ ከግብር ነፃ የሚያደርግበት መንገድ አለ፤ ለ2024 እስከ 126,500 ዶላር ነበር። ከሚሴ ላይ ይህን የሚያልፍ ባለ አንድ ኤፍኤስአር አላውቅም። ግን ለኛ ሰው የተተወለት በር አንድ ብቻ ነው፦ በ12 ተከታታይ ወራት ውስጥ 330 ሙሉ ቀን ከአሜሪካ ውጭ መሆን። ሲሰላ እዚያ መቆየት የሚችለው 35 ቀን ያህል ነው። እሱ ደግሞ ካርዱ እንዳይነጠቅ ብሎ ሁለት ወር ይቀመጣል። ለካርዱ የሚጠቅመው ቆይታ ከግብር ነፃ የሚያወጣውን በር ይዘጋበታል፤ በሩን ቢከፍት ደግሞ ካርዱ ይሳሳል። ከአገር መውጣት ግድ ለሆነበት ሰው እስከ ሁለት ዓመት የሚሰጥ የመመለሻ ፈቃድ አለ፤ የሚጠየቀው ግን እዚያው አሜሪካ እያሉ ነው፣ ለዕድሜ ልክም አይሆንም።

የኮምቦልቻው ኪራይ የላብ ገቢ ስላልሆነ በዚያ በር አያልፍም፤ እሱን የሚያድነው እዚህ የከፈለው ግብር እዚያ ሲቀናነስለት ነው። የገቢዎች ደረሰኞቹ ለዚህ ነው የሚጠቅሙት። ጨርሶ ያላሰበው የመኪናው ነገር ነው። ለራሱ የሚሠራ ሰው የተጣራ ትርፉ 400 ዶላር ከደረሰ የጡረታና የጤና መዋጮ፣ 15.3 በመቶ፣ ይጠየቃል። የ330 ቀኑ በር ይህን አያስቀርም፣ የኢትዮጵያ ደረሰኝም አያቀናንሰውም። በተጨማሪ አሜሪካ ውጭ ያሉ የባንክ ሒሳቦቹ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10 ሺህ ዶላር ካለፉ ለብቻው ማስታወቅ አለበት። ማስታወቅ እንጂ መክፈል አይደለም፤ ቅጣቱ ግን ያለማስታወቅ ነው።

ይህን ሁሉ በጥቅምት አንድ ማታ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና "ስንት ዓመት ሆነኝ መሰለህ?" አለ። ቆጠርን፤ ሰባት ሆነ። ይህም ራሱ ቁጥር አለው፦ ካለፉት 15 ዓመታት በስምንቱ የግብር ነዋሪ የነበረ ሰው ካርዱን ሲመልስ የመውጫ ሕግ የሚባል ሌላ ምዕራፍ ሊከተለው ይችላል። ሀብቱ በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ካልሆነ ከባዱ ክፍል አይነካው ይሆናል፤ ሆኖም ያለፉት አምስት ዓመታት ግብሩ በአግባቡ ስለመሞላቱ ፈርሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል። እሱ ደግሞ አልሞላም።

ሚስቱ መልሰው አለችው። የእህቱ ልጅ ልጆቹስ ብሎ ጮኸበት። እሱ መጀመሪያ ያለፉትን ዓመታት የሚሞላለት ሰው ሚኒያፖሊስ አስፈልጎ፣ የሰባት ዓመት የገቢዎች ደረሰኞቹን በፌስታል ይዞ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደ። የ2012ቱ ጠፍቶበታል።